ድንኳን የትም አይተከልም፦ የደንቆሮ ጫካ የማደሪያ ጥያቄ

የእግር ጉዞ የሚወዱ ወጣቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ቦርሳቸውን አዝለው ተራራ የሚወጡ ቡድኖች በርክተዋል። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ አገሩን በእግሩ የረገጠ ትውልድ አገሩን በወሬ ከሚያውቀው ይሻላል። ከእነዚህ ወጣቶች አንደበት ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ማንም የማያውቀው፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ድንኳን ጥለን የምናድርበት ጫካ የት ይገኛል?» ነገሩ ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል ሲመጣ መልሱ ፈጥኖ ይሰጣል። «ቦረና ሂዱ፤ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም አይርቅም፤ ደንቆሮ ጫካ ግቡና ደስ ባላችሁ ቦታ ትከሉ» ይባላሉ።

ይህ መልስ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የተሳሳተው ደግሞ መልሱ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ነው። በቦረና ሳይንት ደጋ ጥሩ ማደሪያ ማለት ሰው የማያውቀው ቦታ ማለት አይደለም። ጥሩ ማደሪያ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው፣ ጫካውን ያቀፈው ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ ስካውት ያየው፣ ውሃውና ግጦሹ የማን እንደሆነ የታወቀ ሜዳ ነው። ይህን ስል ግን ጫካው ላይ ሎጅ ይገንባ ከሚሉት ጋር መቆሜ አይደለም፤ ሰው በፓርኩ ውስጥ ጨርሶ አይደር ከሚሉትም ጋር አልስማማም። የምሟገተው ለሌላ ነገር ነው፦ ቁጥራቸው ጥቂት፣ አሠራራቸው ቀላል፣ ሲሚንቶ ያልነካቸው፣ ግን የታወቁና ባለቤት ያላቸው የድንኳን ማደሪያዎች ይኑሩ። ምክንያቴን በተራ ላስረዳ።

ጫካው የማን ነው?

የዛሬው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ደንቆሮ ጫካ ነው። ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ደንነት ሲጠበቅ ኖሮ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የአማራ ክልል መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከለለው። ሲጀመር ስፋቱ ከ4 ሺህ 300 ሄክታር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በኋላ የወረሂመኖ በኩል ተጨምሮ ወደ 15 ሺህ ሄክታር ደረሰ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 900 ሜትር አካባቢ ይነሣና ወደ 3 ሺህ 700 ሜትር ይጠጋል። ከታች በሸለቆው ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት አሉ፤ ከዚያ በላይ ኮሶና አምጃ ይመጣሉ፤ ከዚያም አስታው ይጀምራል፤ ከሁሉ በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚበቅሉበት ውርጭ ነው። ጉሬዛው ከታች፣ ጭላዳው ከገደሉ አፋፍ፣ ቀይ ቀበሮው ከላይኛው ሜዳ ይኖራል። ድኩላ፣ ነብርና ጅብም አሉ።

ከሩቅ ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ ባዶ ጫካ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን አንድም ጋት ባዶ መሬት የለም። በፓርኩ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች እስከ ድንበሩ ድረስ ታርሰዋል። በድርቅ ወራት ከብት የሚነዳው ወደዚያው ነው፤ ለጣራ ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ የሚታጨደው ከዚያው ነው፤ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳባቸው ምንጮች የሚነሡት ከዚያው ነው። ፓርኩ ሲከለል ከእነዚህ ጥቅሞች ብዙዎቹ ተከልክለዋል ወይም በልክ ሆነዋል። ያ ክልከላ ያስቀየመው አርሶ አደር ዛሬም አለ። በጋውን በሬውን ወደ ሜዳው እንዳያስገባ የተከለከለ ሰው፣ ከከተማ የመጣ ቡድን በዚያው ሜዳ ላይ ያለ ማንም ፈቃድ ድንኳን ተክሎ እሳት ሲያነድ ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። «ለእኛ የተከለከለው ለእነሱ የተፈቀደው በምን ሕግ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል።

ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ደንን በባለቤትነት ከፋፍሎ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ይለዋል። «የማንም ያልሆነ» የሚባል አምስተኛ ክፍል የለውም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በጥብቅ ቦታ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴም በፈቃድ የሚመራ ነው። ስለዚህ «ጫካ ነው፤ የፈለግህበት ተኛ» የሚለው ምክር በሕግም በባህልም መሠረት የለውም።

ስለ ባህሉ አንድ ነገር ልጨምር። በወሎ የመሸበት መንገደኛ ጫካ አይገባም፤ ወደ ሰው ደጅ ይጠጋል። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ እንግዳ መመለስን ነውር አድርጎ ያየዋል። በዚህ አገር ሌሊቱን ሰው ሳያውቀው በዱር የሚያድር ወይ ሽፍታ ነው፣ ወይ ከብት የሚነዳ ሌባ ነው፣ ወይ ችግር የገፋው ነው። ለዚህ ነው ገበሬው በጠዋት ድንኳን ሲያይ መጀመሪያ «እናንተ ልጆች፣ በሰላም ነው? ከየት መጣችሁ?» የሚለው። የከተማው ወጣት ይህን ጥያቄ እንደ ጣልቃ ገብነት ይቆጥረዋል። ለገበሬው ግን የመንደሩን ደኅንነት መጠበቂያ ነው፤ ለድንኳኑም ባለቤት ቢሆን ከማንኛውም ቁልፍ የበለጠ ጥበቃ ነው። ማታውኑ ሄዶ የተናገረ እንግዳ የመንደሩ አደራ ይሆናል፤ ሌሊት ነገር ቢመጣ የሚደርስለት ሰው አለው።

የሌላ አገር ልማድ ለምን አይገጥመንም?

በፈለጉት ቦታ ድንኳን መትከል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ብዙው የመጣው ከሰሜን አሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ ነው። በስዊድን ማንኛውም ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ ሳይቀር ጉዳት ሳያደርስ ማለፍና ለአጭር ጊዜ ማደር እንዲችል የቆየ ልማድ ይፈቅድለታል። በስኮትላንድም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣ ሕግ ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ደኖች፣ በኒው ዮርክ አዲሮንዳክም ሆነ በኒው ሃምፕሸር ነጭ ተራሮች፣ አገልግሎት በሌለበት ጫካ ውስጥ ተበትኖ ማደር የተለመደ ነው። የእኛ ወጣቶች ቪዲዮውን አይተው ቢቀኑ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ቪዲዮው የማያሳየው ብዙ ነገር አለ። በአዲሮንዳክ ተበትኖ ማደር ማለት ያለ ሕግ ማደር ማለት አይደለም። ድንኳን ከመንገድ፣ ከእግር መንገድና ከውሃ 150 ጫማ፣ ማለትም ወደ 46 ሜትር ርቆ መተከል አለበት፤ ከዚያ የሚቀርብ ቦታ የሚፈቀደው «እዚህ እደር» የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ከሦስት ሌሊት በላይ ለመቆየት ወይም በትልቅ ቡድን ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል። በነጭ ተራሮችም ዛፎቹ እያጠሩ በሚሄዱበት ከፍታ፣ በረዶ ካልሸፈነው በስተቀር፣ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ምክንያቱ የከፍተኛ ቦታ ዕፅዋት አንዴ ከተረገጡ ለማገገም ረጅም ዓመታት ስለሚፈልጉ ነው። የነፃነት አገር የሚባለው እንኳ ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ስፋቱ ነው። የአዲሮንዳክ ፓርክ ወደ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል። የእኛው ፓርክ ሰፍቶም 15 ሺህ ሄክታር ነው። መቶ ድንኳን በአዲሮንዳክ ቢበተን አንዱ ሌላውን አያየውም። መቶ ድንኳን በደንቆሮ ቢበተን ግን ያልተነካ ሜዳ፣ ያልተቆፈረ ምንጭ ዳር፣ ያልተረበሸ የቀበሮ ጉድጓድ አይቀርም። ወደዚያኛው አገር ጫካ የሚገባው ሰው የሚያገኘው ዛፍ ነው፤ ወደ ደንቆሮ የሚገባው ደግሞ ከብት ጠባቂ ልጅ፣ ሣር አጫጅና ውሃ ቀጂ ያገኛል። ሕግ የሚበጀው ለመሬቱና ለሰዉ ነው፤ ከሌላ መሬት የተቀዳ ሕግ ከእኛ ሰውና መሬት ጋር አይስማማም።

ድንኳን የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠኑ የዘርፉ ሊቃውንት የሚስማሙበት አንድ ግኝት አለ። በአንድ ሣራማ ቦታ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ነው። ሣሩ ከተረገጠና አፈሩ ከጠነከረ በኋላ የሚመጣው እንግዳ የሚጨምረው ጉዳት ትንሽ ነው። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አሥር ቡድን በአንድ ሜዳ ላይ በየተራ ቢያድር የሚጎዳው አንድ ሜዳ ነው፤ በአሥር ሜዳ ላይ ቢበተን የሚጎዱት አሥሩም ናቸው። መበተን የሚጠቅመው ሰው እጅግ ጥቂት፣ መሬቱ እጅግ ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው። እኛ ጋ ሁለቱም የሉም።

መሬቱ ራሱ የሚለው

ማደሪያ መምረጥ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱም ያለው በስካውቶችና በአካባቢው ነዋሪዎች እጅ ነው። ለከተማ ሰው አንድ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ምርጥ ማደሪያ ይመስለዋል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ትኩስ የአፈር ቁልል ካለ፣ ሣሩ ሥር ጉድጓዶች ከተደረደሩ፣ ያ የፍልፈልና የአይጥ አገር ነው፤ የፍልፈልና የአይጥ አገር ማለት ደግሞ ቀይ ቀበሮው የሚመገብበት ሜዳ ማለት ነው። ነጭ፣ እንደ ኖራ የደረቀ ኩስ ተከማችቶ ከታየ የጅብ መዋያ ነው፤ አጥንት የሚሰባብረው ጅብ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል። አስታው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ነፋሱ ሌሊት ድንኳኑን ወደየት እንደሚገፋው ይናገራል። በሣሩ ግርጌ የደረቀ ጭቃና የተያዘ ገለባ ካለ ጎርፍ ያለፈበት ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ ዝናቡ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በልጉም አለ፤ በየካቲትና በመጋቢት ደረቅ የመሰለ ሸለቆ በአንድ ከሰዓት ሊሞላ ይችላል።

ብርዱም የራሱ ሕግ አለው። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ያለው መሬት ውርጭ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ከተራራው ወደታች ወርዶ በጎድጓዳው ሜዳ ይተኛል። ለዚህ ነው ከሁሉ የሚያምረው የሸለቆ ወለል ከሁሉ የሚበርደው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚደርስበት፣ ነፋስ የሚጋርድ ተረተር ያለው ለስላሳ ዳገት ይሻላል። ይህን ከብት ጠባቂው ልጅ ያውቀዋል፤ ጎጆ ቀላሹም ያውቀዋል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቀይ ቀበሮው ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላ ወደ 500 የሚገመት ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው። በዚሁ በደቡብ ወሎ ጉጉፍቱ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። ከዓባይ ማዶ ከጮቄ ተራራም ጠፍቷል። የቦረና ሳይንት ደጋ ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ነው። ቀበሮዋ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ አካባቢ ነው። ዝናቡ አብቅቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የድንኳን ጉዞ የሚደምቀውም በእነዚያው ወራት ነው። ሰው ጉድጓዷ አጠገብ ካደረ ግልገሎቿን ተሸክማ ሌላ ቦታ ልትሰደድ ትችላለች፤ በውርጭ ሌሊት የሚደረግ ስደት ደግሞ ለግልገል አደገኛ ነው። ከእንግዳው ጋር ውሻ ከመጣ አደጋው ይብሳል፤ ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት በሽታዎች ዋናው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና። ይህን የማያውቅ ቅን ወጣት፣ ክፉ ሳያስብ፣ ሊያየው የመጣውን እንስሳ ሊያጠፋ ይችላል።

እሳቱም አለ። አስታ ቅባት ያለው፣ በደረቅ ወቅት በቀላሉ የሚቀጣጠል ቁጥቋጦ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ምን እንዳደረገ እናስታውሳለን፤ ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ሰንብቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሶ ነበር። ሰሜን የዓለም ቅርስ ነው፤ ስሙ ይሰማል፤ ዓለም ይደርስለታል። ደንቆሮ ላይ እሳት ቢነሣ የሚደርስለት የአካባቢው ገበሬ ብቻ ነው። የደረቀ የጅብራ ግንድ ለማገዶ ቢያመችም፣ ጅብራ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት፣ ለማደግም ብዙ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው። በፓርኩ ውስጥ የሚያድር ሰው ቡታጋዝ ይዞ ይምጣ፤ እንጨት አይንካ። ይህ ሊለመን የሚገባው ነገር አይደለም፤ ሊደነገግ የሚገባው ነው።

የሚቃወሙኝ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከተጓዦቹ ነው። «ፈቃድ፣ ደብዳቤ፣ ክፍያ፣ ስካውት እያላችሁ ለውጭ ቱሪስት የተሠራውን ሥርዓት በአገር ልጅ ላይ አትጫኑ» ይላሉ። እውነት አላቸው። አንድ የደሴ ተማሪ ሐሙስ ቀን ቅዳሜን ለማደር ቢያስብ፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት ቢሮ ዓርብ ከሰዓት ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ፈቃድ ማግኘት ከጉዞው የበለጠ ካደከመ ሰው ተደብቆ መግባቱ አይቀርም። ግን የዚህ መድኃኒት ፈቃዱን ማስቀረት አይደለም፤ ማቅለል ነው። መካነ ሰላም ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚከፈት አንድ መስኮት፣ ለአገር ልጅ የሚመጥን ክፍያ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ቅጽ ይበቃል። ስካውትም ቢሆን ሸክም አይደለም፤ ከላይ የዘረዘርኩትን ዕውቀት ሁሉ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። በሰሜን ተራሮች ያለ ስካውት አይገባም፤ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የታወቁ የድንኳን ሠፈሮች ሆነዋል፤ በዚህ ምክንያት ከጉዞው የቀረ ሰው አላየንም። በባሌ ተራሮችም እንደ ሶዶታና ራፉ ያሉ የተለዩ ማደሪያዎች አሉ። የታወቀ ማደሪያ ጉዞን አይገድልም፤ ያበረታታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥበቃ ባለሙያዎች በኩል የሚመጣና ይበልጥ ክብደት የምሰጠው ነው። «ፓርኩ ጠባብ ነው፤ ቀበሮው ጥቂት ነው፤ ሰው ቀን አይቶ ማታ መካነ ሰላም ይደር» የሚል ነው። ቁጥሩን ብቻ ካየን ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው ጫካውን የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለው ነው። አጥርና ጥቂት ስካውት ብቻቸውን እንደማያቆዩት የሀገራችን ፓርኮች ታሪክ በቂ ምስክር ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በየቦታው የፓርክ ንብረት የተዘረፈውና ደን የተጨፈጨፈው ሕዝቡ ፓርኩን የራሱ አድርጎ ባለማየቱ ነበር። ቀን መጥቶ ማታ የሚመለስ ጎብኚ ለመንደሩ የሚተወው የመኪና አቧራ ነው። የሚያድር እንግዳ ግን ምግብ ይገዛል፣ በቅሎ ይከራያል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ውሃ ያስቀዳል። ከዚህም ሌላ፣ ማደር ጨርሶ ከተከለከለ ሰው ተደብቆ ማደሩ አይቀርም፤ የተደበቀ ድንኳን ደግሞ በአስታው ውስጥ፣ በቀበሮው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከዕይታ በራቀ ቦታ ነው የሚተከለው። ክልከላው ራሱ የፈራነውን ጉዳት ይጋብዛል። ከቀበሮው መውለጃ የራቀ፣ በመውለጃው ወራት በተለይ የሚጠበቅ፣ የተወሰነ ድንኳን ብቻ የሚያስተናግድ ሜዳ ከክልከላ ይሻላል።

ሦስተኛው ሐሳብ የሚሰማው ከስብሰባ አዳራሽ ነው። «ባለሀብት ይግባ፣ ሎጅ ይሠራ፣ መንገድ ይግባ፤ ልማት ማለት ያ ነው» ይባላል። በሎጅ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ ከፓርኩ ውጭ፣ በመካነ ሰላም ወይም በሳይንት አጅባር ቢሠራ ደስ ይለኛል። በጫካው ውስጥ ግን አይሆንም። አንደኛ፣ መንገድ ከገባ ከእንግዳው ቀድሞ የሚገባው ማገዶና ከሰል የሚጭነው መኪና ነው። ሁለተኛ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በትጥቅ ግጭት ውስጥ ነው የቆየው፤ እንግዳ በማይመጣበት ዓመት ሎጅ ዕዳ ይሆናል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ቆርቆሮው ይነቀላል። የሣር ሜዳ ግን ሰላም በራቀ ጊዜ አርፎ ይቆያል፤ አይዘረፍም፣ አይከስርም፣ እንዲያውም ያገግማል። ሰላሙ በማይጨበጥበት አካባቢ ቀላሉ ነገር ጽኑው ነገር ነው።

በመንዝና በመቄት የታየው

የምለው ነገር ያልተሞከረ ሕልም አይደለም። በመንዝ ጓሳ ማኅበረሰቡ የጓሳውን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲከፈት ሁሉም በደንቡ ያጭድ፣ ያፈረሰ ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አደራጅቶታል። ዛሬ እዚያ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያድረው ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ሎጅና ማኅበረሰቡ በሚያውቀው የድንኳን ሜዳ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንደሮች በራሳቸው ኮሚቴ የሚመሩትን የእንግዳ ጎጆ በገደል አፋፍ ላይ ሠርተው፣ ተጓዡ ከመንደር መንደር በእግሩ እየሄደ፣ ዕቃው በአህያ እየተጫነ፣ እራቱን በመንደሩ ሴቶች እጅ እየበላ ሲያድር ቆይቷል። ሁለቱም ቦታዎች አንድ ነገር አረጋግጠውልናል፦ ማደሪያው የመንደሩ ሲሆን ዱሩም የመንደሩ ይሆናል።

ቦረናና ሳይንት ለዚህ የሚሆን ጠንካራ መሠረት አላቸው። ቅሬ በየመንደሩ አለ፤ ሐዘንን ብቻ ሳይሆን የመንደርን ደኅንነትና ሥርዓትም ሲመራ የኖረ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ የዱር እንስሳቱን ሁኔታ፣ የምንጮቹን ንጽሕና፣ የሣሩን ማገገም ለመከታተል ከተማሪዎቹ የቀረበ ሰው የለም። ከደሴ በአቀስታ በኩል፣ ከጎጃም ደግሞ በመርጡለ ማርያም በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ መንገድ አለ። የጎደለው ውሳኔ ነው።

ውሳኔው ምን ይሁን? የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳዎቹ አስተዳደርና የአዋሳኝ ቀበሌዎቹ ቅሬዎች አብረው ተቀምጠው በፓርኩ ዙሪያና በውስጡ ጥቂት ማደሪያዎችን ይምረጡ፤ አብዛኞቹ በድንበሩ አቅራቢያ፣ ለመንደር ቀረብ ባለ ቦታ ይሁኑ። እያንዳንዱ ማደሪያ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ከአካባቢው ቁሳቁስ የተሠራ መጸዳጃ ይኑረው፤ ምክንያቱም በከፍታው ብርድና በስስ አፈሩ ላይ ቆሻሻ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከታች ያለው ሕዝብ ደግሞ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። በአንድ ሌሊት የሚያድሩት ድንኳኖች ቁጥር ይገደብ። እሳት ይከልከል፤ ውሻ ይከልከል። ከክፍያው የታወቀ ድርሻ በየጊዜው ለቀበሌው በግልጽ ይቆጠር፤ አስጎብኚና በቅሎ ነጂው በተራ ይመደብ፤ ሁሉም ቤት ይድረሰው። አንድ ሜዳ ሲጎዳ ይዘጋ፣ ሌላው ይከፈት፤ የመንዝ አባቶች ጓሳውን ሲዘጉና ሲከፍቱ የኖሩት በዚህ ጥበብ ነው።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ድንኳን ይዛችሁ ሂዱ ለማለት አይደለም። ሰላም በሌለበት ማንም ሰው በጫካ ይደር ብዬ አልመክርም። የምጽፈው ይህ ውሳኔ ሰላም ከመምጣቱ በፊት ማለቅ ስላለበት ነው። ሰላም ሲወርድ ለዓመታት የታፈነ የጉዞ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ያኔ ማደሪያው ካልታወቀ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ማደሪያ ይፈጥራል፣ እያንዳንዱ ማደሪያም አዲስ የእግር መንገድ ይከፍታል፣ በእግር መንገዱም መጥረቢያ ተከትሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ደንብ ያለፈውን አይመልስም።

ለወጣቶቹ ተጓዦች የምለውም ይኸው ነው። ማንም የማያውቀውን ቦታ መፈለጋችሁን ተዉት፤ እንዲህ ያለ ቦታ በወሎ ደጋ የለም፤ ቢኖርም እንዳይነካ ልትተዉት የሚገባ ነው። የምትፈልጉት ጸጥታና ሰማይ ከመንደሩ ግማሽ ሰዓት ርቆ ባለው፣ ሽማግሌዎቹ በሚያሳዩዋችሁ ሜዳ ላይ ሳይጎድል አለ። ለፓርኩ ኃላፊዎች ደግሞ የምለው፣ ልጆቹ ተደብቀው እንዳይገቡ በሩን አቅልላችሁ ክፈቱላቸው። ደንቆሮ ጫካ የሚቆየው እንግዳና ባላገር እርስ በርስ ሲተዋወቁ ነው፤ የመተዋወቂያው ሜዳ የት እንደሆነ የመወሰን ግዴታ ያለባችሁም እናንተው ናችሁ።